የማይሰብኩት የእርሻ መምህር

ከእኛ አፍ አፈር ጠፍቶ አያውቅም። ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን። ስንረግም «አፈር ብላ» እንላለን። ወዳጃችንን ስንቀብር «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ብለን እንሸኛለን። በስደት ያረጀ ሰው ደግሞ የመጨረሻ ምኞቱ ያገሩ አፈር እንዲበላው ነው። ምን ያደርጋል፣ አፈሩ ከአፋችን አልፎ እጃችን ላይ ሲታይ እናፍርበታለን። ከተሜ ከከተሜ ሲጣላ «አንተ ገበሬ!» ማለት ዛሬም ስድብ ነው። በ1965 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ከወጣ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) በአራሹ ስም ስንት ነገር ተባለ፣ ስንት ደም ፈሰሰ። የአራሹ ስም ግን ከስድብነት አልወጣም።

ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ የቤቱ ዋጋና ኪራዩ አላስቀምጥ ያላቸው ወገኖቻችን ወደ ቨርጂኒያ ገጠር ቀመስ ካውንቲዎች መግፋት ከጀመሩ ሰንብተዋል። እዚያ ቤቱ ሰፋ ይላል፣ ጸጥታ አለ፣ ልጆችም መሮጫ ያገኛሉ። ታዲያ በእነዚያ አካባቢዎች ያሉ ብዙ ሃይስኩሎች ከሒሳቡና ከሳይንሱ ጎን እርሻም ያስተምራሉ። ልጁ የትምህርት ምርጫውን ቅጽ ይዞ ቤት ሲመጣ አባት ዓይኑን አፍጦ፣ «እርሻ? እኔ አሜሪካ ድረስ የመጣሁት አንተን ገበሬ ላደርግ ነው?» ይላል። ይህን አነጋገር ከ3 ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ። ሦስቱም የገበሬ ልጆች ናቸው።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ከእነዚህ ካውንቲዎች በአንዱ ስለሚያስተምሩ አንድ የእርሻ መምህር ነው። ስሜን አትጥራ ስላሉኝ «መምህሩ» እላቸዋለሁ፤ በእኛ ዘንድ ይህ ራሱ ማዕረግ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ እጃቸው እንደ ሞፈር እንጨት የጠነከረ አሜሪካዊ ናቸው። እሑድ እሑድ በመንደራቸው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ይደረድራሉ፣ ከመዘምራኑም ጋር ይቆማሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን በክፍላቸው ውስጥ አንድም ተማሪ ሰብከው አያውቁም። እንዲያም ሆኖ ተማሪዎቻቸውን ብትጠይቋቸው «አማኝ ሰው ናቸው» ይሏችኋል። እንዴት አወቃችሁ ሲባሉ መልሳቸው አጭር ነው፤ «ያስታውቃሉ» ይላሉ። እኔም ነገሬ ከዚህች «ያስታውቃሉ» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

መጀመሪያ ግን ይህ የእርሻ ትምህርት የሚባለው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ብዙ ወላጅ ልጁ ከመጽሐፉ ተነጥሎ አካፋ ተሸክሞ የሚውል ይመስለዋል። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሥርዓት ነው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1917 የፈረሙት ስሚዝ ሂዩዝ የተባለው ሕግ የፌዴራሉን መንግሥት ገንዘብ ለሃይስኩል የእርሻ ትምህርት መደበ። ሕጉ ተማሪው በዓመት ቢያንስ 6 ወር በመምህሩ ተቆጣጣሪነት በተግባር እንዲሠራ አዘዘ። ትምህርቱ እስከ ዛሬ የቆመው በ3 እግር ነው። አንደኛው የክፍል ትምህርት ሲሆን ሁለተኛው ተማሪው የራሱን ሥራ ይዞ ገቢና ወጪውን በመዝገብ የሚጽፍበት ነው። ሦስተኛው ኤፍ ኤፍ ኤ የሚባለው የተማሪዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1928 በካንሳስ ሲቲ ተመሠረተ። ያቺ ከሩቅ የምትታወቅ ሰማያዊ የኮርዶሮይ ጃኬቱ በ1933 መጣች። ጥቁር ተማሪዎች በዘር ክፍፍሉ ምክንያት የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ መነሻውም ይኸው ቨርጂኒያ ነው። ሁለቱ ማኅበራት የተዋሃዱት በ1965 ነው። ሴቶች በአባልነት የተፈቀደላቸው ደግሞ በ1969 ነው። እንግዲህ የእኛ ጥቁር ልጅ ያንን ጃኬት ሲለብስ በቀላሉ የተገኘ ልብስ እንዳይመስላችሁ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ማኅበሩ ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ተመራጭ የሚቆምበት ምልክት አለው። ሊቀ መንበሩ በምትወጣ ፀሐይ፣ ምክትሉ በማረሻ፣ ጸሐፊው በበቆሎ እሸት ዘንድ ይቆማሉ። መምህሩ የሚቆሙት ጉጉት ዘንድ ነው። እዚህ ጉጉት የጥበብ ምልክት ናት። አንዲት እናታችን ለልጇ ሽልማት ተጠርታ ሄዳ መምህሩን ከጉጉት ሥር ቆመው ብታያቸው፣ «ምነው እኚህን የመሰሉ ሰው ከዚህች መዓተኛ ጋር አቆሟቸው?» ብላ አማተበች አሉ።

ወደ ሃይማኖቱ ልግባ። እኛ ዘንድ «እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔርን ከትምህርት ቤት አባረሩት» የሚል ወሬ ይወራል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በ1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶች መንግሥት የጻፈውን ጸሎት እንዳያስደግሙ ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያስነብበውን የጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ከለከለ። የተከለከለው መንግሥት ነው። ተማሪ በገዛ ፈቃዱ ሊጸልይ፣ ምሳውን ባርኮ ሊበላ ይችላል። በ1984 በወጣው ሕግ መሠረትም፣ ሃይስኩሉ ከትምህርቱ ውጭ ለሆኑ ሌሎች የተማሪ ክበቦች ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ፣ የሃይማኖት ክበብንም ሊከለክል አይችልም። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጨዋታ በኋላ ሜዳው ላይ ተንበርክኮ ለሚጸልይ አንድ የሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ ፈርዶለታል። ይህም ሆኖ መምህር በክፍሉ ውስጥ ተማሪዎቹን ጸሎት እንዲመራ አልተፈቀደለትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ያ መምህር ማርክ ይሰጣል። ማርክ የሚሰጥ ሰው «እንጸልይ» ሲል የሌላ ሃይማኖት ልጅ «እኔ አልጸልይም» ለማለት ስንት ወኔ ያስፈልገዋል? እኛ አንዱን ሃይማኖት መንግሥት ሲያነግሠው፣ ኋላ ደግሞ ሁሉንም መንግሥት ሲያሳድዳቸው ያየን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ቨርጂኒያ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። ከ2000 ጀምሮ በሕግ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ በየቀኑ 1 ደቂቃ ዝምታ ይደረጋል። ልጁ በዚያች ደቂቃ ቢፈልግ ይጸልያል፣ ቢፈልግ ያሰላስላል፣ ቢፈልግ መስኮት መስኮቱን ያያል። ተማሪዎቹ እንደነገሩኝ መምህሩ በዚያች ደቂቃ ከሌላው መምህር የተለየ ነገር አያደርጉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ደቂቃዋ ስታልቅ ባርኔጣቸውን ይደፉና «በሉ፣ ፍየሎቹ ውኃ አልጠጡም» ይላሉ። ስብከታቸው ይህ ነው።

የቀረው በሥራ ነው። አንድ ልጅ በመጋቢት ብርድ የግሪንሃውሱን በር ሳይዘጋ ሄዶ ሌሊቱን ውርጭ ገባ። ለሽያጭ የተዘጋጀው የቲማቲም ችግኝ በሙሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኛ። ያ ችግኝ የማኅበሩ የጉዞ ገንዘብ ነበር። ልጆቹ ጥፋተኛውን ሊበሉት ደረሱ። መምህሩ አልጮሁም። በማግሥቱ ትምህርት ሳይጀመር ጎህ ሲቀድ ከልጁ ጋር ገብተው ሣጥኖቹን አጥበው፣ አፈሩን ለውጠው፣ ሁለቱ ብቻ እንደገና ዘሩ። ሌሎቹ «ቅጣቱስ?» ሲሉ፣ «ችግኞቹን ሲያይ ተቀጥቷል። የቀረው መዝራት ነው» አሉ። ንስሐ ምን እንደሆነ ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም። ቃሉን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠሩትም።

አንዲት የሐረር ሰዎች ልጅ ደግሞ አለች፣ ሙስሊም ናት። ከእንስሳት ሥራው ለእሷ የደረሳት የአሳማ እርባታ ነበር። አባቷ ተቆጥቶ ከትምህርቱ ሊያስወጣት ተነሣ። መምህሩ ነገሩን እንደሰሙ ሌላ ሳይጨምሩ፣ «ፍየል ትወጃለሽ?» አሏት። ዛሬ ያቺ ልጅ የትምህርት ቤቱን ፍየሎች የምታዋልድ እሷ ናት። አባቷም የሥጋ ፍየል ሲፈልግ ወዴት እንደሚደውል ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪኬ ልምጣ። አንድ የማውቀው ጎጃሜ አለ። በቀን ኡበር ይነዳል፣ ሌሊት ደግሞ ተራ ሲደርሰው በመጋዘን ይሠራል። ልጁ እርሻ ልማር ሲል ነው ከላይ የጠቀስኩትን ንግግር የተናገረው። ልጁ ግን በእናቱ በኩል አስፈርሞ ገባ። እናት ማስፈረም ቀላል ነው፤ «ሳይንስ ነው» ብሎ ነገራት፤ አልዋሸም።

የመጀመሪያው ፈተና በዐቢይ ጾም መጣ። ማኅበሩ ከሚወዳደርባቸው ውድድሮች አንዱ ወተት ቀምሶ ጉድለቱን መለየት ነው። ላሚቱ ምን በልታ እንደነበር፣ ወተቱ ፀሐይ መትቶት እንደሁ፣ ኮምጥጦ እንደሁ ልጆቹ በምላሳቸው ይለያሉ። የሚቀምሱትን ይተፉታል። ልጁ «አልችልም» አለ። ጓደኞቹ «ትተፋዋለህ እኮ፣ ምን አለበት?» አሉት። «አፌም አይነካውም» አለ። መምህሩ ለምን ብለው አላፋጠጡትም። «ጾሙ ስንት ቀን ነው?» ብለው ጠየቁ። 55 ሲላቸው ከግድግዳው ካላንደር ፊት ቆመው ቆጠሩ፣ የመጨረሻውን ቀን በቀይ ከበቡት። ልጁንም አፈር ወደሚመረምረው ቡድን አዛወሩት።

የአፈሩ ውድድር እንዲህ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ልጆቹ ገብተው የአፈሩን ንብርብር ያያሉ፣ ቀለሙን ይለያሉ፣ በእጃቸው እያራሱ እያሹ ሸክላነቱንና አሸዋነቱን ይገምታሉ። ልጁ አንድ ቀን ቤቱ ጓሮ አፈር ሲያሽ አባቱ አየው። አባት ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አነሣና በአውራ ጣቱ አሽቶ፣ «ይሄ ጥቁር አፈር አይደለም። ዝናብ ሲያገኘው አይይዝም» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ልጁ መዝገቡን አውጥቶ አየ፤ መምህሩም ያሉት ይህንኑ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የቤት ጉብኝት ነው። የእርሻ መምህር የተማሪውን ሥራ ለማየት ቤት ድረስ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ግን አስተማሪ ቤት ድረስ መጣ ማለት ልጁ አንድ ነገር ሰብሯል ማለት ነው። እናትየው በሩን ስትከፍት መምህሩን አይታ፣ «ምን አደረገ?» ነበር ያለችው። ምንም እንዳላደረገ፣ ጓሮ የዘራውን ጎመን ለማየት እንደመጡ ሲነግሯት ደስታዋ ሌላ ሆነ። ቡና አፈላች። መምህሩ አንድ ስኒ ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ልጁ በጆሯቸው፣ «ሦስት ነው» አላቸው። ተቀመጡ። አቦልን፣ ቶናን፣ በረካን ጠጡ። በረካ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ልጁ «ምርቃት» ብሎ ሲተረጉምላቸው ስኒውን አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ቤት ማርክ የሚሰጥ አልነበረም፤ እንግዳ ነበሩ። እናትየው መርቃ ስትጨርስ «አሜን» አሉ።

አባት በዚያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። ሲነግሩትም፣ «ቡና ጠጥቶ ልጄን ገበሬ ሊያደርግ ነው» ብሎ አላገጠ።

ልጁ በቁጠባው አንዲት እናት በግ ገዝቶ ነበር። ቤታቸው በረት ስለሌለ በጓ የምታድረው በትምህርት ቤቱ በረት ነው። በግ የምታረግዘው 5 ወር ያህል ነው። ቀኗ የደረሰው በየካቲት፣ በረዶ ባለበት ሌሊት ሆነ። ልጁ ከመምህሩ ጋር ሊጠብቃት ቀረ። ምጡ ጸና፣ ግልገሉ አልመጣም። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል አባት ከሥራ መልስ ተቆጥቶ ልጁን ሊወስድ ደረሰ። በረቱ ውስጥ ሲገባ ያየው ይህን ነበር፤ በጓ ተኝታ ታጣጥራለች፣ የግልገሉ አንድ እግር ብቻ ወጥቷል፣ መምህሩ ተንበርክከዋል፣ ልጁ ያለቅሳል። የእንስሳት ሐኪሙ ተደውሎለት ሌላ ካውንቲ ላም እያዋለደ ነበር። መምህሩ እጃቸው ትልቅ ነው፤ ሞክረው አልገባላቸውም።

ልጁ ያን ጊዜ፣ «መጸለይ እንችላለን?» ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩ፣ «እኔ እዚህ አስተማሪህ ነኝ፤ ጸሎት ልመራህ አይገባኝም» አሉና ቀና ብለው፣ «አባትህ ግን እዚህ ናቸው» አሉ።

የቀረውን አባትየው ራሱ ነው ያጫወተኝ። «ምን ልበልህ፣» አለኝ፤ «የአባቴ በረት ነው የታየኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ እንዲህ ያለውን በእጁ ሲያቃና ኩራዝ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ጃኬቴን አወለቅሁ።» እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ታጠበ። በግዕዝ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረ። ድሮ ከየኔታ ዘንድ የተማረውን፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ድምፁን አሰምቶ ብሎት የማያውቀውን። እየጸለየ እጁን ሰደደ። የግልገሉ አንገት ወደ ኋላ ዞሮ ኖሯል። በጓ ማማጧን ስታቆም ጠብቆ መልሶ ገፋ አደረገው፣ ራሱን ፈልጎ አቃናው፣ ሁለተኛውን እግር አመጣው። መምህሩ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መብራት ያበሩለት ነበር።

መንታ ነበሩ። አንዱ በሕይወት ወጣ፣ ሁለተኛው ሞቶ። አባት ሕያዉን በገለባ አሽቶ አፍንጫውን ጠረገለትና፣ «እንገሩን ቶሎ! እንገሩን አጥቡት!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። መምህሩም በዚያው ቅጽበት ያንኑ በእንግሊዝኛ እያሉ ነበር። ልጁ «እንገር ምንድን ነው?» አለ። አባት የመጀመሪያው ወተት መሆኑን ነገረው፣ ግልገሉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልጠጣው በሽታ የሚቋቋምበት አቅም እንደማያገኝ ደግሞ መምህሩ ጨመሩበት። ሁለት መምህራን፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ትምህርት። ልጁ በዚያ ሌሊት መዝገቡ ላይ፣ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት አምድ ዳር፣ «እንገር» ብሎ ጻፈ። በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ተማር ተብሎ ስንት ጊዜ የተለመነ ልጅ ነው።

የሞተውንም ሦስቱ ቀበሩት። መሬቱ በረዶ ይዞት ስለነበር መቆፈሩ ጊዜ ወሰደ። ልጁ በኋላ የነገረኝ ይህን ነው፤ «አባቴ ጸሎት እንደሚያውቅ አውቅ ነበር። የሚጸልይ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።» አንባቢ ሆይ፣ ይህችን አነጋገር ደግመህ አንብባት።

እኛ በየከተማው ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ገዝተናል። ልጆቻችንን እሑድ ወይም ዓርብ እንወስዳቸዋለን፣ በማይገባቸው ቋንቋ ለብዙ ሰዓት እናስቆማቸዋለን፣ ከዚያ በኋላ «ሃይማኖታችሁን ያዙ» እንላቸዋለን። ያቺ አሜሪካዊት ትምህርት ቤት መምህሩን ከመስበክ ብትከለክላቸው እሳቸው የቀራቸው መኖር ብቻ ሆነ፣ ልጆቹም አዩት። እኛ የሚከለክለን የለም፤ እንደ ልብ እንሰብካለን። ታዲያ ልጁ ከእኛ የሚያየው ምንድን ነው? ስንደክም ያየናል፣ ስንነዳ ያየናል፣ ስልክ ላይ ስለ ፖለቲካ ስንጮህ ያየናል። የምናውቀውን ሥራ ስንሠራና በዚያው ሥራ ላይ ፈጣሪን ስንጠራ ግን አያየንም። ምክንያቱም የምናውቀውን ሥራ ደብቀነዋል። አፈር ነዋ!

የሚገርመው፣ ሃይማኖታችን ራሱ የገበሬ ቋንቋ ነው የሚናገረው። የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን የምትከፍለው በመፀው፣ በበጋ፣ በፀደይና በክረምት ነው። ሰኔ 26 ክረምት ሲገባ መዝሙሩ ስለ ዘርና ስለ ደመና ይሆናል፣ ቀጥሎ ስለ መብረቅ፣ ስለ ወንዞችና ስለ ጠል፣ በነሐሴ ደግሞ ስለ ቁራ ጫጩቶች። መስከረም 9 ዘመነ ፍሬ ይገባል፣ ከመስቀል በኋላ ዘመነ ጽጌ ይከተላል። ቅዳሴው ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ይለምናል። ሙስሊሙም ሰማይ ሲዘጋ ሜዳ ወጥቶ የዝናብ ሶላት ይሰግዳል። የዘሪው ምሳሌ ስለ አራት ዓይነት መሬት ነው። ይህን ሁሉ ዘር ነክቶ ለማያውቅ ልጅ ስንነግረው ምን ይታየዋል? ጭንጫ መሬት ላይ ዘርቶ ሲደርቅበት ያየ ልጅ ግን ስብከቱ ግማሹ ተሰብኮለታል።

«ይሁን፣ ግን እርሻ ምን እንጀራ አለው?» ለሚለኝ ወላጅ አንድ የእኛን ሰው ልጥቀስለት። ወሎንኮሚ በሣር ቤት የተወለደ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሳምንቱን እዚያ ሰንብቶ ቅዳሜና እሑድን ወደ ቤቱ በእግሩ ይመለስ ነበር። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ገባ። ያ ትምህርት ቤት በ1952 በአሜሪካ የፖይንት ፎር ዕርዳታና በኦክላሆማ መምህራን የተቋቋመ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ልጆቻችን የሚገቡበት ዓይነት ትምህርት በአገራችን አፈር ላይ የተተከለበት ማለት ነው። ልጁ ከጅማ ወደ አለማያ ኮሌጅ፣ ከአለማያ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በ1978 ዶክትሬቱን ያዘ። ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅሎ በማውጣቱ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ። ስሙ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ነው። ገበሬ ተብሎ የተሰደበ ሰው ካለ ይህን ስም ይመልስ።

ነገሬን ልጠቅልል። ሁሉም ልጅ ወደ እርሻ ይግባ እያልኩ አይደለም። የትምህርት ምርጫው ቅጽ ሲመጣ ግን ሳታዩት አትጣሉት። ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ግሪንሃውሱንና በረቱን እዩ። መምህሩ ቤታችሁ ከመጣ ልጁ ምንም አልሰበረም፤ ቡና አፍሉለት። የልጁን ጾም፣ ሶላት፣ የማይበላውን ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልተነገረው አያውቅም። ቤተ ክርስቲያናችሁ ሣር የሚታጨድበት ሜዳ ካለው ደግሞ አንድ መደብ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ስጧቸው። ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ ይትከሉበት። ከአሮጊቶቹ አንዷ ቆማ ታሳያቸው። አማርኛውም በዚያው ይመጣል።

ያ ጎጃሜ ወዳጄ ዛሬም «ልጄ ሐኪም ይሁንልኝ» ማለቱን አልተወም። ባለፈው ስንገናኝ ግን፣ «የከብትም ሐኪም ቢሆን ሐኪም ነው» ብሎ ጨመረበት። ግልገሏ አድጋ በዚህ ዓመት ራሷ አርግዛለች። አባትየው ያን ሌሊት ፈረቃ እንዳይደርሰው ከአሁኑ ቀኑን አስመዝግቧል።

ቸር ያሰንብተን።